የዘጠና ዓመት ጡንቻ፦ የሁለት ጥናቶች ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮኔ እና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት በቦስተን ከተማ በመጦሪያ ተቋም ይኖሩ በነበሩ፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 ዓመት በሆነ 10 አቅመ ደካማ አረጋውያን ላይ የተካሄደ ነው። ጉልበትን እየዘረጉ ክብደት የማንሳቱን የ8 ሳምንት ልምምድ የፈጸሙት ዘጠኙ፣ የጡንቻቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ሲያድግ የጭናቸው ጡንቻ ስፋት የጨመረው በ9 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ሊታለፍ አይገባም፤ ለውጡ በአመዛኙ የመጣው ጡንቻው ከመዳበሩ ይልቅ ነርቮች ጡንቻውን የማዘዝ ብቃታቸው ከመሻሻሉ እንደሆነ ያመለክታል።

የጥናቱ ዐቢይ ድክመት የንጽጽር ቡድን አለመኖሩ ነው። መሻሻሉ ከልምምዱ ይሁን ከተደረገላቸው ልዩ ክትትል መለየት አልተቻለም። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1994 100 አረጋውያንን በዕጣ ደልድለው ባሳተሙት ጥናት ይህንን ክፍተት ሞልተዋል። ልምምድ የሠሩት ኃይላቸው በ113 በመቶ ሲጨምር፣ ያለ ልምምድ የተሰጠ ተጨማሪ ምግብ ግን የጡንቻን ድካም አላስወገደም።

በመጀመሪያው ጥናት ልምምዱ ከቆመ ከ4 ሳምንት በኋላ 32 በመቶ የሚሆነው ኃይል መጥፋቱም ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ነው። አረጋዊን «ይረፉ» ብሎ ማሰናበት ጉዳት እንደሌለው ምክር ሊቆጠር አይገባም፤ ምርመራ የቀደመውና ባለሙያ የሚከታተለው ልምምድም ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይገባል።