ድንኳን በአሞርጎስ

ከፒሬዎስ ወደብ ወደ ግሪክ ደሴቶች ለሚነሳው መርከብ ርካሹ ትኬት አልጋ የለውም፤ ሌሊቱ የሚያልፈው ወለል ላይ ነው። ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ትኬት የለም። ቦርሳን ተንተርሶ የሩቅ ደሴቶች መብራት ሲመጣና ሲሄድ ማየት በገንዘብ አይተመንም።

ናክሶስ ደሴት ላይ ብዙው ሰው ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የትንሿ መርከብ የስኮፔሊቲስ ነው። ትናንሾቹን ደሴቶች ኢራክሊያን፣ ስኪኑሳን፣ ኩፎኒሲያንና ዶኑሳን ከአሞርጎስ ደሴት ጋር ስታገናኝ የኖረች መርከብ ናት።

በግሪክ ሕግ ባሕር ዳር እንደ ልብ ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ደግነቱ አሞርጎስ ላይ፣ በኤጊያሊ መንደር፣ ለድንኳን የተፈቀደ ቦታ አለ፤ አሸዋው ቅርብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይበረታልና ካስማውን በድንጋይ ማጽናት ያሻል። እኔ መስከረምን እመርጣለሁ፤ ጎብኚው ይቀንሳል፣ ባሕሩ ግን የበጋ ሙቀቱን ገና አልለቀቀም።

ከኤጊያሊ ወደ ደሴቲቱ ዋና ከተማ ወደ ሆራ የሚወስደው የጥንት የበቅሎ መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ክፍያ የለውም፤ የሚጠይቀው ጥሩ ጫማና ውሃ ብቻ ነው። መጨረሻው አካባቢ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የሆዞቪዮቲሳ ገዳም ከገደሉ ጋር ተጣብቆ ብቅ ይላል፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ከሥሩ ሰማያዊ ባሕር። ወደ ገዳሙ የሚያወጣውን ደረጃ ሁሉ ወጥቶ ለደረሰ እንግዳ መነኮሳቱ ጣፋጭና በቅመም የተፈላ አረቄ ያቀርባሉ። ላቡ ገና ሳይደርቅ የሚቀመሰው ያ አረቄ!

ማታ ድንኳኑ ደጃፍ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ወይራና የፍየል አይብ ይቆረሳል። ማዕበሉ ይሰማል።