ዐይን የሚበዛበት ሥዕል

ካረን ማኮቨር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሰው ከሚስለው የሰው ምስል ጠባዩን ማወቅ ይቻላል ብላ ተነሣች። በእሷ አነባበብ ጎልቶና ጠቁሮ የተሳለ ዐይን የጥርጣሬ ምልክት ነው። ሐሳቡ በኋላ ብዙ ትችት ቢደርስበትም ልማዱ ግን አልሞተም፤ ዛሬም የተጎዳ ሕፃን ሥዕል ሲቀርብ ቀድሞ የሚመጣው "ይህ ምን ያመለክታል?" የሚለው ጥያቄ ነው።

በዚህ ዐይን ሥዕል የሚያነብ ሰው ብልባላ ላይ መሳሳቱ አይቀርም። ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ያለችው የብልባላ ልጅ ሥዕልን የምታውቀው አስቀድማ ከቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ልማድ ቅዱሱ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዐይኖች ይሳላል፤ ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዐይን። ስለዚህ ዐይን ያጎላች ልጅ ፈርታ ሳይሆን አክብራ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዐይን ያስቀረችው ወታደር ግን በማንም መመሪያ ያልተጻፈ ክስ ሊሆን ይችላል።

ብልባላ ያለችበት ላስታ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከረመች፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም ተኩሱ ተመለሰ። ያዩትን አውጥቶ መናገር ደግሞ ለእኛ ቀላል አይደለም። "ሆድ ይፍጀው" ብለን እንውጠዋለን። ሥዕል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ አፍ እንቢ ያለውን እጅ ሊያወጣው ይችላልና።

ሥዕል መድኃኒት መሆኑ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲየ በ1997 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ዐውደ ርእይ ያሳየው የጠልሰም ጥበብ ምስክር ነው። ጠልሰሙ የተሳለበትን ክታብ ገልጦ ማየት ነው፦ የተሰፋፋ ጠባብ ብራና፣ ርዝመቱ በሕመምተኛው ቁመት ልክ፤ ከጸሎቱ መሐል ባለስምንት ጫፍ ኮከብ፣ በኮከቡ ውስጥ ፊት፣ በፊቱ ላይ የሚያፈጡ ዐይኖች፤ የሕመምተኛው የክርስትና ስም በቀይ ቀለም። ቤተ ክርስቲያን ብታወግዘውም ሰው አንገቱ ላይ ያሰረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕመሙ ስምና ልክ አግኝቷል። ሆኖም "የሥዕል ሕክምናማ ድሮም ነበረን" የሚለውን አባባል አልቀበልም። ብርዑን የያዘው ደብተራው ነው፤ ሕመምተኛው ይጠበቃል እንጂ አይስልም።

ብርዑ በተጎጂው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሠዓሊዋ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ አሳይታለች። በናዚዎች የቴሬዚን ጌቶ ሕፃናትን በድብቅ ሥዕል ስታስተምር እያንዳንዱ ልጅ በሥዕሉ ላይ ስሙን እንዲጽፍ ታደርግ ነበር። እሷ በ1944 እ.ኤ.አ. አውሽቪትዝ ላይ ስትገደል 4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተረፉ። ቁጥር ብቻ በተደረጉበት ቦታ ስማቸውን ጻፉ። የክታቡ ቀይ ስም ትዝ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ስሙን የጻፈው እጅ የማን እንደሆነ ነው።

በሥዕል ሕክምና መስክ ያሉት ጥናቶች ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸውና ሥዕል ብቻውን ይፈውሳል ለማለት አልደፍርም። እንቅልፍ ላጣ፣ ራሱን ሊጎዳ ላሰበ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። እኔ የምከራከረው ስለ አነባበቡ ነው። የብልባላዋ ልጅ ስላ ስትጨርስ ባለሙያው ትርጉሙን ከመመሪያ አይፈልግ፤ አጠገቧ ዝቅ ብሎ ይቀመጥና "ይሄ ማነው?" ይበላት። ዝም ካለች ወረቀቱን ለማስረጃ ፋይል ውስጥ ሳይከት፣ ስሟን ጽፋበት ወደ ቤቷ ይዛው ትሂድ።