ርስትን በመጠይቅ መቁጠር፦ ኢትኖግራፊ በበይነ ዲሲፕሊናዊ ጥናት

በባህልና በማኅበረሰብ ላይ የሚደረጉ የጋራ ጥናቶች አወቃቀር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው መጠይቁን ያዘጋጃል፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ናሙናውን ይመርጣል፤ የሕግ ምሁሩ አዋጆቹን ይመረምራል። አንትሮፖሎጂስቱ የሚጠራው ቁጥሩ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሥራውም ለሪፖርቱ አንድ ሁለት ታሪክና ጥቂት የገበሬ አባባል ማምጣት ይሆናል። ይህ አሠራር የአንትሮፖሎጂስቱን ዘዴ፣ ኢትኖግራፊን፣ ያመክነዋል። ሰው መካከል ተቀምጦ፣ ሥራውንና ሙግቱን እያዩ ማጥናት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ምን መጠየቅ እንዳለበት ገና ሳይወሰን ነው። ለዚህ የጎጃምን ርስት ያህል ጥሩ ማስረጃ አላውቅም።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስለ መሬት ሥሪት ማሻሻያ ሲታሰብ የሰሜኑ ርስት ብዙዎችን ያሳስብ ነበር። መሬት በአባትም በእናትም፣ ለወንድም ለሴትም እኩል የሚወረስ ከሆነ በየትውልዱ እየተሸነሸነ ማለቁ አይቀርም የሚል ስሌት ነበር። ስሌቱ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት ከገበሬው ጋር ኖሮ ያየው ግን ሌላ ነው፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ወጥቷል።

ሆበን ባየበት ዘመን በዚያ አገር አንድ የመሬት ክልል መጀመሪያ በያዘው ሰው ስም ይጠራ ነበር፤ እሱ ዋና አባት ነው። ክልሉ በልጆቹ ስም ሲከፋፈል ምንዝር አባቶች ይኖራሉ፤ ባለ ርስቶቹን የሚወክል ደግሞ ፈጅ አለ። አንድ ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ ከዚያም በላይ ሲቆጠር መስመሩ ይበዛል። ስለዚህ በመርህ ደረጃ በብዙ ቦታ ርስት አለው፤ የሚያርሰው ግን ጥቂቱን ነው። በእናቱ እናት በኩል ያለውን ድርሻ መጠየቅ ከፈለገ ፈጁ ዘንድ ይሄዳል፤ ትውልዱን ይቆጥራል፤ የሚመሰክሩለት ሽማግሌዎች ይፈልጋል። መሬቱን ይዞ የሚያርሰው ዘመድ «የዚህ ዘር አይደለህም» ብሎ ይሟገተዋል። ከሽማግሌ ፊት ወደ ዳኛ፣ ከዳኛ ወደ ሌላ ዳኛ ሲባል ክርክሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ማን እንደሚረታ የሚወስነው የዘር ቆጠራው ብቻ አይደለም፤ ሹመት፣ የዘመድ ብዛት፣ የሙግት ችሎታና ስንቅ ሁሉ ይገቡበታል። ሰው ሁሉ መብቱን ሁሉ ስለማይጠይቅ መሬቱ በስሌቱ መሠረት አልተሸነሸነም።

እንግዲህ ለዚህ ገበሬ «ስንት ጥማድ መሬት አለህ?» የሚል መጠይቅ ይቅረብለት። ዘንድሮ የሚያርሰውን ይቁጠር? በእኩል የሰጠውን? በክርክር ላይ ያለውን? ወይስ ልጁ አድጎ ይጠይቀው ይሆናል ብሎ በልቡ የያዘውን? ማናቸውንም ቢመልስ በቅጹ ላይ አንድ ቁጥር ይሰፍራል፤ ቁጥሩም እውነት ይመስላል።

የታሪክ ባለሙያው ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ከመረመራቸው የገበሬ አመፆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1968 የተነሣው የጎጃም አመፅ ነው። መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲያውጅ ገበሬው ብረት አነሣ። ትእዛዙንና የጦሩን እንቅስቃሴ ለመከተል መዛግብት ይበቃሉ። ግብር ለመገመት የመጣ ሹም ርስት ሊነጥቅ እንደመጣ ለምን እንደተቆጠረ ግን ከሆበን ጋር ሲነበብ ይበልጥ ይገባል። የመሬቱ ባለቤትነት በክርክርና በትዝታ ውስጥ በሚኖርበት አገር፣ መሬትን በአንድ ሰው ስም መመዝገብ ራሱ ፍርድ መስጠት ነው። የታሪክና የአንትሮፖሎጂ መደጋገፍ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ደጋ ዳሞት ኢትዮጵያን አይወክልም፤ ይህ መነገር አለበት። በደቡብ በባለ መሬትና በጭሰኛ መካከል የነበረው ግንኙነት የተለየ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም በሰሜንና በደቡብ እኩል ትርጉም አልነበረውም። አንድ ወረዳን በጥልቀት ያወቀ ተመራማሪ ስፋቱን ለማወቅ ቆጣሪው ያስፈልገዋል።

ጠያቂው ማን ነው የሚለውም ከዘዴው አይነጠልም። የፈረንሳዩ የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ሲሰነብት የተልእኮው አባል ሚሼል ሌሪስ የዛር ሥርዓቶችን ተከታትሏል። ምሁሩ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አብረውት ተቀምጠው፣ የሚዘፈነውንና የሚነገረውን በአማርኛ በደብተር ይጽፉ፣ ይተረጉሙለትም ነበር። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ዛርን ከቲያትር አንጻር የተነተነበትን መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን ሜሲንግ ያንኑ ዛር እንደ ቡድን ሕክምናና እንደ ማኅበራዊ ደረጃ መንገድ አቀረበው። የአባ ጀሮም ደብተር ባይኖር ለሌሪስ ትንታኔ የሚሆን ቃል ከየት ይመጣ ነበር? ያው ተልእኮ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ሰቅሎ ወደ ፓሪስ ወስዷል። ቃልን መውሰድና ሥዕልን መውሰድ አንድ ባይሆኑም፣ በዚያ ጉዞ ያው እጅ ሁለቱንም ሠርቷል። ዛሬም የአገሬው ረዳት ተመራማሪ ስሙ በምስጋና ገጽ ብቻ ሲቀር እቆጫለሁ።

ወደ መሬት ልመለስ፤ አሁን በአማራ ክልል አባወራና እማወራ በጋራ የተመዘገቡበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለ፤ ጥናቶችም ደብተሩ በኢንቨስትመንትና በሴቶች መብት ላይ ያመጣውን ለውጥ ይለካሉ። መልካም ነው። ሆኖም መጠይቁ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው በሽምግልናውና በቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ዘንድ ቢሰነብት ሌሎች ጥያቄዎች ይዞ ይመለሳል፤ ባለ ደብተሩ ሲሞት ከተማ የገባችው እህት ድርሻዋን ለማን ትተዋለች? በእኩል የሚያርሰው ጎረቤት ለስንት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው መሬቱ የእሱ ነው መባል የሚጀምረው? የፈታችው ሚስት ደብተሩ ላይ ፎቶዋ እያለ ማሳውን ማን ያርስላታል?