ዓይን ያስተማረው ደንብ

የአዲስ አበባ እድሮች የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አላቸው። የወር መዋጮው፣ ቤተሰብ ለሞተበት አባል የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከቀብር የቀረ ሰው የሚከፍለው ቅጣት፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ ኃላፊነት ያለበት ሰው ሁሉ በአንቀጽ ተዘርዝሮ በማኅተም ጸንቷል። ድንኳኑ ውስጥ የሚገዛው ደንብ ግን ሌላ ነው። ለቅሶ ደራሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካለ በኋላ ያገኘው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት ወሬ አይጀምርም። ቶሎ ከወጣ ለወጉ ያህል የመጣ ይመስላል፤ አብዝቶ ከቆየ ደግሞ ለደከሙት ቤተሰቦች ሸክም ይሆናል። ስንት ደቂቃ እንደሚበቃ በየትኛውም እድር መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ሆኖም ድንኳን የገባ አዋቂ ሁሉ መነሻው ሲደርስ ያውቀዋል፤ አንዱ ሲነሣ ሁለት ሦስቱ ተከትለው ይነሣሉ።

እንዲህ ያለው ደንብ ሳይነገር የኖረው ለመናገር ስለሚያስቸግር ብቻ አይመስለኝም። አብዛኛው ቢነገር ዋጋውን ያጣል። ስለዚህም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በዓይን ነው፤ ይህ የዓይን ትምህርት ደግሞ ለሁሉም እኩል አይዳረስም።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሃሮልድ ጋርፊንክል እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ሙከራ ይተርካል። ተማሪዎቹን ወደየወላጆቻቸው ቤት ልኮ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያህል እንደ ተከራይ እንግዳ እንዲሆኑ አደረገ። ልጆቹ ካልተጠየቁ አልተናገሩም፣ ሁሉን ነገር አስፈቀዱ፣ ትሕትና አበዙ። ቤተሰብ ደነገጠ፤ ተቆጣ፤ ልጁ ታሞ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ከጨዋነት በቀር የሠሩት ጥፋት አልነበረም፤ ግን ጨዋነቱ ያለ ቦታው ነበር። ጋርፊንክል የተደበቀ ደንብ ሲጣስ እንደሚታይ በማያሻማ መንገድ አሳይቶናል። ደንቡ መጀመሪያ ልጁ ውስጥ እንዴት እንደገባ ግን ይህ ሙከራ አይነግረንም፤ የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስለ አገራችን ሲሆን አንባቢ ቶሎ የሚያነሣው የዶናልድ ሌቪንን «ሰምና ወርቅ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ይህ ሥራ የአማራን ማኅበረሰብ አነጋገር በቅኔ መነጽር ያየዋል። ላይ ላዩ አንድ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ንግግር ለስድብም፣ ለጨዋታም፣ ገመናን ለመሸፈንም፣ ሹመኛን ለመንቀፍም እንዴት እንደሚያገለግል ያሳያል። ብዙ የተማርንበት መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ቅኔ ቤት የገባው ከሕዝቡ ስንቱ ነው? እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ሴቶች ቢወጡበትም ቅኔ በአመዛኙ የጥቂት ወንዶች ትምህርት ነበር። ማንበብና መጻፍ የማያውቁ እናቶች ግን ሰምና ወርቅን ያለ መምህር ሲናገሩበትና ሲሰሙበት ኖረዋል። ስለዚህ ምንጩን ከቅኔ ማኅበር ይልቅ እንግድነት በሄደ ልጅ ዘንድ መፈለግ ይሻላል።

እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ጎረቤት ቤት ትገባለች። ባለቤቲቱ ዳቦ ቆርሰው ለልጁ ይዘረጉለታል። ልጁ እጁን ከማንሣቱ በፊት ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ያያል። እናት በአፏ «ተቀበል እንጂ፣ እትዬ እኮ ናቸው» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ፈጠጥ ብሎ እንዳትነካ ይላል። ልጁ «በልቻለሁ» ይላል፤ አልበላም። ሴትዮዋ «በሞቴ!» ይላሉ። አሁን የእናት ዓይን ይለሰልሳል፤ ልጁም ዳቦውን በሁለት እጁ ይቀበላል። መጀመሪያ እንደተዘረጋለት ወስዶት ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ቁንጥጫ፣ ቤት ሲደርሱ «አዋረድከኝ» ይጠብቀው ነበር። ስለ ደንቡ አንዲት ቃል አልሰማም። ነገር ግን ሰሙ ከእናቱ አፍ፣ ወርቁ ከእናቱ ዓይን እንደሚገኝ፣ የሚታዘዘውም ለየትኛው እንደሆነ ለይቶ አውቋል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ማስታጠቢያ ይዞ እንግዳ ሲያስታጥብ ደግሞ በማን እንደሚጀመር ይማራል፤ ከተሳሳተ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው በአገጫቸው ወደ ታላቃቸው ይጠቁሙታል። የተቆጣ የለም፤ ትምህርቱ ግን ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል።

የ«በልቻለሁ»ና የ«በሞቴ» ምልልስ በጊዜ ላይ የቆመ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቡርዲዩ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ሥራው ስለ አልጄሪያ ካቢሎች ሲጽፍ፣ ስጦታን ወዲያው መመለስ ስጦታውን እንደ መጣል እንደሚቆጠርና በመስጠትና በመመለስ መካከል ያለው ጊዜ ራሱ ትርጉም ያለው መሆኑን ያስረዳል። የእኛም ግብዣ እንደዚሁ ነው። ቶሎ እሺ ያለ ሆዳም ይባላል፤ ከ«በሞቴ» በኋላም እምቢ ያለ ንቀት ይቆጠርበታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ብሉ» ብሎ የተወ ጋባዥ ንፉግ ነው። እንግዳው «ስንት ጊዜ እምቢ ልበል?» ብሎ ቢጠይቅ ጋባዡ መውደዱን፣ ተጋባዡም መቆጠቡን የሚያሳይበት መንገድ ይዘጋል። ከዚህም በላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ጥቅም አለው። ጓዳዋ ባዶ የሆነች ሴትም እንግዳ ሲመጣ «ቤት ያፈራውን» ማለቷ አይቀርም። እንግዳው መሶቡን አይቶ «አሁን ከምሳ ተነሥቼ መምጣቴ ነው» ሲል ከኀፍረት ያድናታል። ሁለቱም እውነቱን ያውቃሉ፤ ሁለቱም አይናገሩትም። ይሉኝታን የድህነታችንና የኋላ ቀርነታችን ምክንያት አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያዩልኝ እወዳለሁ።

ይሁን እንጂ ዝምታው የሚጎዳቸው አሉ። ደንብ የጣሰ ሰው ስድቡ «አሳዳጊ የበደለው» ነው፤ ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ካሳደጉት ላይ ያርፋል። የእናት ዓይን ያን ያህል ንቁ የሆነውም እንግዳ ቤት ውስጥ የምትፈተነው ራሷ ስለሆነች ነው። ሴት ልጅ ላይ ደግሞ ይበረታል፤ ወንድሟ በጨዋታ ላይ እያለ እሷ ቡና ስትቀዳ የሲኒው አያያዝ፣ የአቀማመጧ ሁኔታ፣ የቀሚሷ አሰባሰብ ሁሉ ይታይባታል።

ከሁሉ የከፋው ከገጠር መጥታ ከተማ በምትቀጠር የቤት ሠራተኛ ላይ ይደርሳል። ሥራዋ ይነገራታል፤ ቦታዋ ግን አይነገራትም። የትኛው ሲኒ የእሷ እንደሆነ፣ እንግዳ ሲኖር መቀመጥ ትችል እንደሆነ፣ መቼ እንደምትበላ፣ ቴሌቪዥን ቆማ ታይ ወይስ ተቀምጣ የነገራት የለም። የምታውቀው በግልምጫ ነው። በትውልድ ቀዬዋ ጨዋ የተባለች፣ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫዋ የምትነሣ ልጅ እዚህ «ሥርዓት የላትም» ትባላለች። የአምስት ዓመቱ ልጅ ሲሳሳት ቁንጥጫው ከፍቅር ጋር ነው፤ እሷ ስትሳሳት ደመወዟና እንጀራዋ ያሰጋታል። ሪያድና ዱባይ የሚሠሩ እህቶቿ ይህንኑ ፈተና ቋንቋውን እንኳ ሳይሰሙ ይጋፈጡታል። ደንብን ሳይናገሩ ሌላው እንዲያውቀው መጠበቅ የባለ ሥልጣን ዕድል ነው። ስለ ባህላችን ጨዋነት የምንጽፍ ሰዎች ይህን ጓዳ ዘልለን ማለፋችን ያሳዝነኛል።

ያልተነገረ ደንብ ከአገሩ ወጥቶ ከተጻፈ ደንብ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን መርዶ በደንብ ያሳያል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዘንድ አገር ቤት እናቷ የሞቱባት ሴት ወሬውን በስልክ እንድትሰማ አይፈለግም። ቤተሰብ የሚደውለው ለቅርብ ወዳጇ ነው፤ ወዳጅ ለወዳጅ ይጠራራል፣ ቄስ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ይፈለጋል፣ ማልደው ሥራ ከመውጣቷ በፊት በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጇ ላይ ስታይ ማንም ሳይናገር ይገባታል። መጀመሪያ ጊዜ ለመርዶ የሄደ ወጣት ከኋላ ቆሞ ያያል፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚደግፋት፣ ጓዳ ገብቶ ቡና የሚያፈላው ማን እንደሆነ ያስተውላል። ሌላ ጊዜ ከፊት ከሚሆኑት አንዱ እሱ ነው።

የአሜሪካ ሐኪም ግን ሕመምተኛው ስለ ገዛ ሕመሙ የማወቅ መብት እንዳለው የሚያዝዝ የተጻፈ ደንብ አለው። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ይህን ግጭት ገልጸውታል፤ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ክፉ ዜና አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ተነግሮ፣ በእነሱ በኩል በወጉ ለሕመምተኛው እንዲደርስ እንደሚጠበቅ አስረድተዋል። ግጭቱ ሚዛን የለውም። ሐኪሙ ደንቡን አንቀጽ ጠቅሶ ያስረዳል፤ ቤተሰቡ ግን የራሱን በቃል ተናግሮት ስለማያውቅ «በእኛ እንዲህ አይነገርም» ከማለት ያለፈ መከራከሪያ የለውም። በዚያ ክፍል ውስጥ የቤተሰቡ ሐሳብ ዋሽቶ የመደበቅ ፍላጎት መስሎ ይታያል።

እዚያው የተወለዱት ልጆች ጥያቄ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እናቷ ስለሞቱባት ሴት «ለምን አሁኑኑ አትደውሉላትም?» ብለው ድርቅ ሲሉ ወላጅ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን በቃል ይናገራል፦ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ፣ መኪና እየነዳች እንዳትሰማ፣ ሌሊቱን ብቻዋን እንዳታድር። እዚህ ላይ ከላይ ያልኩትን ማጥበብ አለብኝ። የ«በልቻለሁ» ደንብ ሲነገር ይሞታል፤ የመርዶ ደንብ ግን ሲነገር ይጸናል፤ ምክንያቱ ለሌላው ሰው መራራት ስለሆነ ልጁ ሰምቶ ይቀበለዋል። የቤት ሠራተኛዋ ቦታ ሲነገር ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይሆናል፤ ተናጋሪው የገዛ ቃሉን ሰምቶ ያፍራል። የመርዶው ደንብ ወደ ፌስቡክም ተሻግሯል። የሟችን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ብለው ከመለጠፋቸው በፊት ብዙዎች ስልክ አንሥተው ወዳጅ ይጠይቃሉ፦ «ልጅቷ ተረድታለች?» ካልተረዳች ፎቶው ይቆያል፤ ቸኩሎ የለጠፈም በዚያው ቀን ተደውሎለት ያወርደዋል።