ሊዩ ሲሺን፦ የኃይል ማመንጫው ደራሲ

ቻይናዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ሊዩ ሲሺን እ.ኤ.አ. በ1963 ቤጂንግ ተወልዶ ያደገው በሻንሺ ግዛት፣ የድንጋይ ከሰል በሚቆፈርባት ያንግቹዋን ነው። በምህንድስና ተመርቆ በኒያንግዚጓን የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ተቀጠረ፤ ለረጅም ዓመታትም ከዚሁ ሥራ ጎን ለጎን ጻፈ። በ2000 ባወጣው «ተንከራታቿ ምድር» የሰው ልጅ በምድር ላይ ግዙፍ ሞተሮች ተክሎ ፕላኔቷን ከፀሐይ ያርቃል። ሞተሮቹ የሚነዱት ከተራራ እየተፈለጠ በሚገባባቸው ድንጋይ ነው። ነዳጁን ሳይረሳ የሚያልም ደራሲ ብዙ የለም።

ትልቁ ሥራው «የሦስቱ አካላት ችግር» በ2006 በመጽሔት በተከታታይ ወጥቶ በ2008 መጽሐፍ ሆነ። በቻይና የባህል አብዮት ዘመን አባቷ ሲገደል ያየች የፊዚክስ ባለሙያ በሰው ልጅ ተስፋ ትቆርጣለች፤ ከሌላ ዓለም «አትመልሱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢደርሳትም ትመልሳለች። የዚያ ዓለም ወራሪዎች ወደ ምድር ይነሣሉ፤ ለመድረስ ግን ከ400 ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። የሊዩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ከጦርነቱ ይልቅ መጠበቁን ይጽፋል፤ የዛሬው ትውልድ የማያየውን ጠላት እያሰበ እንዴት እንደሚኖር ይጠይቃል። ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ ከሐሳቡ ይቀጥናሉ፤ ሐሳቡ ግን ያንን ያስረሳል።

የዚህ ሥራ ሦስተኛውና የመጨረሻው ቅጽ በ2010 ታተመ። የመጀመሪያውን ቅጽ ተርጓሚው ኬን ሊዩ በ2014 ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው፣ በቻይንኛው እትም መሐል ላይ የነበረውን የአብዮቱን ትዕይንት ወደ መግቢያው አመጣው። በ2015 መጽሐፉ የሁጎን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት በረጅም ልብ ወለድ ዘርፍ ሲያገኝ፣ ለእስያዊ ደራሲ የመጀመሪያው ሆነ። «ተንከራታቿ ምድር»ም በ2019 ፊልም ሆኖ የቻይናን ሲኒማ ቤቶች ሞላ።