ታደሰ ሲባል ምኑ ታደሰ?

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው «ሪኒው» የሚለው ግስ ሲገጥመው እጁ ሳያመነታ «አደሰ» ብሎ ይጽፋል። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም፤ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ የንግድ ፈቃድ ሁሉ ይታደሳል፣ ወረፋ የያዘው ባለጉዳይም የሚለው ይህንኑ ነው። ችግሩ እንግሊዝኛው ግስ ሁለት ሥራ ደርቦ መያዙ ነው። አንዳንዴ ያረጀው ነገር ራሱ ይጠገናል ወይም ይበረታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ አንድም ሳይነካ ዘመኑ ብቻ እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። በአማርኛ «ታደሰ» ሲባል ግን ከወረቀት ጉዳይ ውጭ ጆሯችን ቀድሞ የሚሰማው ግድግዳ ሲለሰን፣ ቆርቆሮ ሲቀየር ነው። ስለዚህ ቃል ከመምረጥ በፊት ምኑ ባለበት ቆየ፣ ምኑስ ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ገንዘብ ባለበት ቦታ ነው። የኪራይ ውል «ተራዘመ» ካልን ያው ውል ከነዋጋው ይቀጥላል፣ የሚገፋው ማብቂያው ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። «ታደሰ» ካልን ግን የፊተኛው ዘመን ተዘግቶ ሌላ ዘመን ተከፍቷል፤ ኪራዩም እንደገና ለድርድር ሊቀርብ ይችላል። እንግሊዝኛውን የሚያረቅቁት ራሳቸው ሁለቱን ስለሚያቀላቅሉ በግሱ ብቻ መተማመን አይበቃም፣ አንቀጹን እስከ ታች ማንበብ ግድ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ መጽሐፉ «ሪኒው» ተደረገ ሲባል የውሰት ጊዜው ተራዘመ እንጂ ማንም አልጠረዘውም። ከሁሉ የሚከፋው ስልክ ላይ የምናየው «የደንበኝነት ምዝገባዎ በራሱ ይታደሳል» የሚለው ነው። ቋንቋው አይነቀፍም፤ ግን ስጦታ ይመስላል። የሚሆነው ከካርዱ ላይ እንደገና ገንዘብ መቆረጡ ስለሆነ «ካልሰረዙት ክፍያው በየወሩ ይቀጥላል» ማለት ለአንባቢው ይቀርባል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ አንድ ቃል በየቦታው ሌላ መልክ ካገኘ አንባቢው የጽሑፉን ክር በምን ይከተላል? ለሕግ ሰነድ ተቃውሞው ትክክል ነው። ትርጓሜው መግቢያው ላይ የተሰጠ ቃል እስከ መጨረሻው አይነካም። ለሌላው ጽሑፍ ግን ማስረጃው ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ ትርጉም በመዝሙር 51 መንፈስ እንዲታደስ ሲለምን፣ በኢሳይያስ 40፥31 ደግሞ ስለሚታደስ ኃይል ሲናገር አንድ ግስ ይጠቀማል። ዕብራይስጡ ግን ሁለት ግስ ነው ያለው። የመዝሙሩ ከግዕዙ «ሐደሰ» ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ የኢሳይያሱ መለወጥን፣ መተካትን ያመለክታል፣ የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናትም «ይለውጣሉ» በሚል መንገድ ነው የወሰደው። ደክሞ የነበረ ጉልበት መጠገኑና በሌላ ጉልበት መተካቱ አንድ አይደለም። እንግሊዝኛው ላይ አንድ የሚመስለው ክር፣ እዚህ ቦታ ተርጓሚዎቹ ራሳቸው የፈተሉት ነው።

ዜና ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ጦርነት አይታደስም፣ ያገረሻል፤ ጥሪም በድጋሚ ይቀርባል።

የሚያከራክረው «ኧርባን ሪኒዋል» ነው። አሜሪካ በ1949 ባወጣችው የቤቶች ሕግ የተጀመረው ሥራ ይህን ስም የያዘው በ1954 ማሻሻያ ነው። ቦስተን ውስጥ ዌስት ኤንድ የተባለው ሰፈር በዚህ ስም በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈርሶ ሺዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። «የከተማ እድሳት» ብሎ መተርጎም፣ ለእኔ፣ ውሸት ባይሆንም ወደ ውሸት ይጠጋል። በአንጻሩ «ሰፈር ማፍረስ» ቢባል፣ ባለሥልጣኑ ሆን ብሎ ያለሰለሰውን ቃል ተርጓሚው በገዛ ሥልጣኑ ገለጠው የሚል ክስ ይመጣል። ክሱ ተገቢ ነው፤ ማጋለጡ የደራሲው ወይም የአንባቢው ሥራ ነው። መውጫው አማርኛው ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ፦ «መልሶ ማልማት»። እሱም የቢሮ ቃል ነው፣ እሱም ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈሩ የተነሣበት ሰው ሲያነበው ከስሙ ጀርባ ግሬደር እንዳለ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።