ቤዛው መድፍ ሲሆን

ከወረታ መገንጠያ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳና የሩዝ ማሳውን ከኋላው ትቶ ዳገቱን ይያያዛል። ከከተማይቱ አጠገብ ጋፋት ትገኛለች። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ መሆኑን ልጆቻችን ያውቃሉ። በዚያው ዘመን በቤዛነት ስለተያዙት ሰዎች ግን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል?

አፄ ቴዎድሮስ በ1862 (እ.ኤ.አ) ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ በ1864 ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። በ1866 መልእክተኛው ራሳም መጥቶ እስረኞቹ ተፈቱ፤ ከፎገራ ብዙም በማትርቀው ቆራጣም ሰነበቱ። ወዲያው ግን ከነራሳም ተመልሰው ተያዙ። ንጉሡም የጥበብ ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲያመጣ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሰደዱት፤ ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀሩ። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ቢደርሱም እንግሊዝ እስረኞቹ ሳይለቀቁ አላሳልፍም በማለቷ ተመለሱ። ፍጻሜው የ1868ቱ መቅደላ ሆነ።

ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? በጌምድር ተዘረፈ፤ ጎንደር ተቃጠለች። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍም መንገድ እየተቀደደለት በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎተተ። ገበሬውን ያማከረው አልነበረም።

ቴዎድሮስ የጠየቁት ግን በግልጽ ነበር። በ1985 እና በ1986 የአሜሪካ መንግሥት ሊባኖስ ውስጥ የታገቱ ዜጎቹን ለማስፈታት ሲል ከ1,500 በላይ ፀረ ታንክ ሚሳይሎችን ለኢራን በስውር ሸጠ። በአደባባይ ከአጋቾች ጋር አልደራደርም እያለ፣ ከምክር ቤቱም ደብቆ! ምስጢሩን በኅዳር 1986 ያወጣው የቤይሩት መጽሔት ነበር። ሦስት አሜሪካውያን ሲለቀቁ ሌሎች ሦስት ታገቱ። ሰው ዋጋ እንዳለው ያየ ነጋዴ ገበያውን ለምን ይዘጋል? ሚሳይሎቹም የሄዱት ሙስሊም ሙስሊምን ወደሚገድልበት የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ነው።

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ አንቀስር። ያገቱት ወገኖች የእስልምናን ስም የያዙ ነበሩ። ቁርኣን ግን ምርኮኛን ማብላትን ከደጋጎች ሥራ ይቆጥረዋል። ከበድር ምርኮኞች መካከል ገንዘብ ያልነበራቸው የአንሷርን ልጆች ጽሕፈት በማስተማር ነጻ እንደወጡ ተዘግቧል። እስቲ እናስተውል! በበድር የምርኮኛው ቤዛ ፊደል ነበር፤ በእነዚህኞቹ መድፍና ሚሳይል ሆነ። በፊደል ቤዛ ልጅ አንባቢ ይሆናል፤ በጦር መሣሪያ ቤዛ ግን የአንዲት እናት ልጅ ሲፈታ የሌላዋ ይገደላል።

የታጋች ቤተሰብ ልጁን ማስፈታት ቢመኝ አይወቀስም። ወቀሳው የሰውን እንባ ለንግዱ መሸፈኛ ባደረገው ላይ ነው። እኛም ልጆቻችንን ወደ ጋፋት ስንወስድ መድፉን ብቻ አንተርክላቸው፤ እስረኛውንና ገበሬውንም እናስታውሳቸው። አላህ የሰውን ክቡርነት ከሚያውቁት ያድርገን። ኣሚን።